ቁጣውን የት አስቀመጥከው?

ከድሬዳዋ ከተመለስን ወዲህ ደብረ ብርሃን ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው፤ ሙቀቱ እውነት እንደሚወራው ነው ወይ፣ ጨርቁስ ስንት ገባ። ሙቀቱ ከሚወራው ይብሳል። ጨርቅ ግን አልገዛንም። የሄድነው ለሌላ ጉዳይ ነበርና፣ ከአባቴ ጋር የሄድንበትን የስምንት ቀን መንገድ እንደሆነው እጽፈዋለሁ። አባቴም እንድጽፈው ፈቅደዋል፤ «የኔን ጥፋት ሳትቀንሺ» ብለው።

አባቴ መሪጌታ ጥበቡ ይባላሉ። ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ባለች ደብር የመጻሕፍትን ትርጓሜ ሲያስተምሩ አርጅተዋል። እኔ ሁለተኛ ልጃቸው ስሆን ከተማው ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ታላቄ አስካለ ናት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለመንገድ ሥራ ወደኛ አገር የመጣ ጀማል የሚባል የድሬዳዋ ሾፌር ወደደችና እስልምናን ተቀብላ አገባችው። ስሟም ፋጡማ ሆነ። ከቤት የወጣች ቀን አባቴ ደጃፍ ቆመው መሬቱን በመቋሚያቸው መቱና «እኔ እንደተቃጠልኩ በልጅሽ ያቃጥልሽ» አሏት። እኔ ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ ስሟ በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ በኔ ትምህርት ቤት አድራሻ ለአባቴ ደብዳቤ መጣ። የጻፉት የጀማል አባት ሼህ ዩሱፍ ናቸው። ደብዳቤው አጭር ነበር። «ልጅህ አንድ ልጇን በወባ ከቀበረች አራት ወሯ ነው። አትሰግድም፣ አታለቅስም፣ አባቴ ረግሞኝ ነው ትላለች። እኔ የማውቀውን ነገርኳት፤ አልገባላትም። አምላክህ እንዲህ የሚያደርግ እንደሆነ መጥተህ አንተው ንገራት» ይላል።

አባቴ አንብበው አጠፉት። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ድረስ መጡና «ፈቃድ ጠይቂ፤ እንሄዳለን» አሉኝ።

ከአውራጃ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ ማውጣት ግድ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር የጉዞውን ምክንያት ሲጠይቁ አባቴ «የልጅ ልጅ ሐዘን» አሉ። የሟቹ ስም ማን ነው ተባሉ። አባቴ ወደኔ ዞሩ፤ እኔም አላውቀውም ነበር። ሊቀመንበሩ ሁለታችንንም ትንሽ አየት አደረጉንና ቦታውን ባዶ ትተው ማኅተሙን መቱልን።

ማክሰኞ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገብተን አክስቴ ቤት አደርን። ረቡዕ ማለዳ ባቡሩ ላይ ወጣን። ከደብረ ብርሃን ብርድ የመጣ ሰው የሚለብሰውን ለብሰን ነበር፤ አባቴ በጋቢያቸው ላይ ካባ ደርበዋል፣ ነጭ ጥምጥማቸውንም አዲስ አጥበው ጠምጥመዋል። ስንቃችን አክስቴ የሠራችው ጭኮ ነበር፤ ቅቤው የተትረፈረፈ። ናዝሬትን እስክናልፍ ድረስ ምንም አልሆነ። ከመተሐራ በኋላ ግን ሙቀቱ ቅቤውን አቀለጠውና ከላይ ካስቀመጥነው ዕቃ እየተንጠባጠበ በአባቴ ጥምጥም ላይ ወረደ። አጠገባችን የተቀመጠች የጫት ነጋዴ ናት ያየችው። «አባቴ፣ ራስህ እየቀለጠ ነው» አለቻቸው። አባቴ አልሳቁም። አንድም በደብራቸው «አንተ» ብሏቸው የሚያውቅ ሰው ስለሌለ፣ አንድም ጥምጥሙ ለዚያ ቀን የታሰበ ስለነበር።

አዋሽ ላይ ወታደር የጫነ ባቡር ይለፍ ተብለን እዚያው ቆምን። ማታ እንገባለን ያልነው ሰዎች ሌሊቱን ወንበር ላይ አድረን፣ በነጋታው ሁርሶ ማሠልጠኛ ላይ ምልምል ወታደሮች በአቧራ ውስጥ ሲሮጡ እያየን፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ድሬዳዋ ገባን። የኛ አገር ፀሐይ ትሞቃለች እንጂ አትመታም። ድሬዳዋ ላይ ከባቡሩ ስወርድ ሰው በእጁ ወደ ኋላ የገፋኝ መስሎኝ ቆምኩ።

የምንደርስበትን ቀን በቴሌግራም አስታውቀናቸው ነበርና፣ ሼህ ዩሱፍ ከረቡዕ ማታ ጀምረው ጣቢያው ላይ ሲጠብቁን ነበር ያደሩት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሽርጥ ያገለደሙ፣ እንደ አባቴ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ ናቸው። ማንነታችንን ሳይጠይቁ የአባቴን ዕቃ ተቀበሉና «መሪጌታ፣ ደከመህ። ና፣ ጋሪ አለ» አሉ። የአባቴ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ጋሪው ላይ ሳለን በጆሯቸው፣ እዚህ አገር ታላቅም ታናሽም አንተ እንደሚባል፣ ይህንንም ያስተማሪዎች ስብሰባ ላይ ከአንድ የድሬዳዋ ሰው መስማቴን ነገርኳቸው። አባቴ ጥቂት አሰቡና «እግዚአብሔርንም አንተ ነው የምንለው» አሉ። ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር ሲከፉ አላየኋቸውም።

የደቻቱን ወንዝ ተሻገርን። ወንዝ ሲሉኝ ውኃ ጠብቄ ነበር፤ ሰፊ አሸዋ ነው። በአሸዋው ላይ ሰዎች ፓፓያ ይሸጣሉ፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ዝናብ ተራራው ላይ ሲጥል ግን በድንገት እንደሚመጣ ሼሁ ነገሩን። ቤታቸው መጋላ በሚባለው ሰፈር፣ ጠባብ መንገድ ውስጥ ነው። ኖራ የተቀባ ግንብ፣ በመካከሉ ግቢ፣ በግቢው ውስጥ አንድ የኒም ዛፍ። የሼሁ ሚስት እማማ ሐሊማ በሩ ላይ ቆመው በኦሮምኛም ባማርኛም ተቀበሉን። ከሳቸው ኋላ አስካለ ቆማለች፤ ባሏ ጀማል ለሾፌርነት ሥራው ከከተማ ወጥቶ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት አላየኋትም። ከስታለች፤ ሻሽ ተከናንባለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። አቀፍኳት፤ እጇ ጀርባዬ ላይ ሳይጠብቅ ቀረ። አባቴን ከቆመችበት ሆና ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። እሳቸው «እንደምን ነሽ» አሉ፤ «ይመስገን፣ እርስዎ እንደምን አሉ» አለች። ሌላ አልተባባሉም። ዘጠኝ ዓመት ተለያይተው እንደተገናኙ ሰዎች አልሆኑም።

ወዲያው ምሳ ቀረበ። እማማ ሐሊማ ለእንግዳ ሲሉ በግ አሳርደው ሩዝ በሥጋ ሠርተዋል። እኛ አገር ክርስቲያን የእስላም እጅ ያረደውን፣ እስላምም የክርስቲያን እጅ ያረደውን እንደማይበላ የታወቀ ነው። እኔ ምን እንደምል ሳስብ አባቴ ቀደሙኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔ ጾም ነኝ» አሉ።

ደነገጥኩ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ኀምሳ ቀን ጾም የለም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ለተማሪዎቻቸው ይህንን የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። እማማ ሐሊማ ባላቸውን አዩ። ሼህ ዩሱፍ ትሪውን በእርጋታ ወደ ጎን ገፉና በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለአባቴም ለኔም ምስርና ዳቦ መጣ። አስካለ ትሪውን አነሣች። አባቷን ቀና ብላ አላየቻቸውም።

ያን ቀን ማታ ከሴቶቹ ጋር ተኛሁ፤ አባቴ እንደ አገሩ ልማድ ግቢው ውስጥ በሽቦ አልጋ ላይ ተነጠፈላቸው። አስካለ ፀጉሬን እየነካካች ስለ ጎረቤት፣ ስለ ሞቱትና ስለተወለዱት ጠየቀችኝ። ስለ ልጇ ስጠይቃት «ስድስት ዓመቱ ነበር» አለች። ቆይታ ደግሞ «እርግማኑን ሰምተሻል አይደል? አንቺም ነበርሽ» አለችኝ። ነበርኩ አልኳት። «እንግዲያ የሰማነው ሁለት ብቻ አይደለንም፤ ከላይም ተሰምቷል» አለች።

እኔ በትምህርት ቤታችን የውይይት ክበብ ውስጥ አምላክ የሰው ፍርሃት የፈጠረው ነው ሲባል እጅ ከሚያወጡት ጋር እጄን የማወጣ ሰው ነኝ። ያን ማታ ይህንን ልነግራት አስቤ ነበር። እንዲህ ብላት ሸክሙ ይቀልላት እንደሆነ ገምቼ ነበር። ነገር ግን ጭራሽ የሚሰማት የለም ብዬ ያለ ልጅም ያለ አምላክም ላስቀራት ሆነብኝና ተውኩት።

ዓርብ ሙቀቱ በረታ። ሼህ ዩሱፍ የጁምዓ ሶላታቸውን ሰግደው ተመለሱ፤ ከምሳ በኋላ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከኒሙ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ሻይ ስቀዳ ነበርና ሁሉን ሰምቻለሁ። ሼሁ በወጣትነታቸው በባቡር ጥገና ክፍል የሠሩ፣ ኋላ ግን ሐረር ከአንድ ሊቅ እግር ሥር ዓመታት የተማሩ ሰው ናቸው።

ሼሁ «መሪጌታ፣ እናንተ ሦስት ትላላችሁ ይባላል። እኔ ከሚያውቅ ሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። ስድብ አይሁንብኝ፤ እንዴት ነው?» አሉ።

አባቴ ከደብረ ብርሃን ከወጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። ጉባኤ ላይ እንደሚያደርጉት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰው አንድ ሲሆን ልብ፣ ቃል፣ እስትንፋስ አለው፤ ስለዚህ ግን ሦስት ሰው አይባልም አሉ። አብ ልብ ነው፣ ወልድ ቃል ነው፣ መንፈስ ቅዱስ እስትንፋስ ነው፤ ሦስቱም በልብነቱ ያስባሉ፣ በቃልነቱ ይናገራሉ፣ በእስትንፋስነቱ ሕያዋን ናቸው ብለው አስረዱ።

ሼህ ዩሱፍ በጣታቸው ቆጠሩ። ልብ ያልከውን እኛ ዕውቀት እንለዋለን፤ ቃል ያው ቃል ነው፤ እስትንፋስ ያልከውን ሕይወት እንለዋለን አሉ። አላህ በዕውቀት ያውቃል፣ በቃል ይናገራል፣ በሕይወት ሕያው ነው። እነዚህ ነገሮች ታዲያ እሱ ራሱ ናቸው ወይስ ሌላ ተብሎ ሊቃውንቶቻችን ብዙ ተከራክረውበታል። የኔ መምህር የያዙት መንገድ፣ እሱም አይደሉም፣ ከሱ ሌላም አይደሉም የሚለውን ነው አሉ።

አባቴ ይህንን ሁለት ጊዜ አስደገሟቸው። «ይህን የተናገረ ሰው ትርጓሜ ቤት የዋለ ነው» አሉ። ሼሁ ሳቁ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ እኔ ሌላ ቀዳሁ። አባቴን እንዲህ ፊታቸው በርቶ ያየኋቸው አንድ ጎበዝ ተማሪ ሲመጣላቸው ብቻ ነበር።

የሚለያዩበት ቦታ ላይ መድረሳቸው ግን አልቀረም። አባቴ ቃል ሥጋ ሆነ ወደሚለው ሲገቡ ሼህ ዩሱፍ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ከዚህ አላልፍም፤ ተወለደ፣ ራበው፣ ሞተ የሚለውን አፌ አይለውም፤ እሱ ከዚህ ሁሉ በላይ ነው አሉ። አባቴ ደግሞ፣ ከሁሉ በላይ ስለሆነ ነው መውረድ የማያቅተው እንላለን አሉ። ሼሁ ያንተ ለሰው በጣም ቀረበ አሉ። አባቴ ያንተ በጣም ራቀ አሉ። ሼሁ አልራቀም፣ አቀራረቡ ግን እንደ ሰው አቀራረብ አይደለም አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም። የኔ ክበብ አባሎች በመንደር መሬት ጉዳይ ከዚህ በላይ ይጮኻሉ።

ከዚያ ሼህ ዩሱፍ ወደ መጀመሪያው ነገር ተመለሱ።

«መሪጌታ፣ ልብ አልክ፣ ቃል አልክ፣ እስትንፋስ አልክ። ቁጣውን የት አስቀመጥከው?»

አባቴ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ አላዩም፤ እንደ መምህር ነው የመለሱት። «ቁጣ ባሕርዩ አይደለም» አሉ። «መጽሐፍ ተቆጣ ቢል ለሰው በሰው ልማድ መናገሩ ነው። ዛሬ ደስ ብሎት ነገ የሚከፋው፣ ሰው በተናገረ ቁጥር የሚዋዥቅ ቢሆን አምላክ አይባልም። ፀሐይ አንድ ናት፤ ዓይኑ የታመመ ሰው አቃጠለችኝ ይላል።»

«በኛም ብዙዎቹ ወደዚህ ይጠጋሉ» አሉ ሼሁ። «ቁጣ አለው፣ እንዴት ብለህ ግን አትጠይቅ የሚሉም አሉ። እንግዲህ ይህን ያልከኝን ለፋጡማ ንገራት። እኔ ብነግራት የሚናገራት የኔ አምላክ ነው። የምትፈራው ያንተን ነው።»

አባቴ መቋሚያቸውን ፈልገው አነሡና ከግቢው ወጡ። ሼህ ዩሱፍ «ተከተይው፣ መንገዱን አያውቅም» አሉኝ።

ደቻቱ ዳር ከአንድ ግራር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እኔን ሳያዩ ተናገሩ።

«ያን ቀን ስረግማት እንዲሰማኝ ፈልጌ ነበር። ከልቤ ነበር። ደብዳቤው ሲደርሰኝ መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ? ሰማኝ አልኩ። የሕፃን ሞት እያነበብኩ፣ ለአንዲት ቅጽበት ደስ አለኝ። ሰማኝ ብዬ።»

ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አነሣሁላቸው፤ በዚያ ሙቀት ውስጥ አሁንም ደርበውት ነበር። አርባ ዓመት ተማሪ ሳስተምር ቁጣ ባሕርዩ አይደለም እላለሁ፤ በቤቴ ደጃፍ ግን ቁጣዬን ያሸከምኩት እሱን ነው አሉ። መሽቶ አዛን ሲሰማ ተነሥተን ተመለስን።

ቅዳሜ ማለዳ አባቴ የልጁን መቃብር አሳየኝ ብለው ሼህ ዩሱፍን ጠየቁ። ሦስታችን ሄድን። በመንገድ ላይ ስሙን ጠየቁ፤ ዐብዱልቃድር ነው ተባሉ። ትርጉሙን ጠየቁ፤ ሼሁ የቻዩ፣ የሁሉን ቻዩ አገልጋይ ማለት ነው አሉ። አባቴ በግዕዝ «ገብረ ከሃሊ» ብለው ለራሳቸው ደገሙት። እኔ ከቁልቋሉ አጥር ውጭ ቆሜ ነበር። መቃብሩ የአፈር ጉብታ ነው፤ በራስጌና በግርጌ አንዳንድ ድንጋይ ቆሟል። እኛ አገር የሟች ዘመድ መጥቶ ቢሆን ለቅሶ ይሰማ ነበር፤ እዚያ ጸጥታ ነበር። ሼሁ መዳፋቸውን ዘርግተው ቁርኣን ቀሩለት፤ አባቴ ከጎናቸው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ኋላ ምን ብለው ጸለዩ ብዬ ብጠይቃቸው «ምንም። ቃል አልመጣልኝም» አሉኝ።

ስንመለስ አስካለ ግቢው ውስጥ ልብስ ታጥባለች። የምታጥበው የአባቴን በቅቤ የተበላሸ ጥምጥም ነበር። አባቴ አጠገቧ ሄደው መሬት ላይ ተቀመጡ። እሷ ልትነሣ ስትል እጃቸውን ዘርግተው አስቀመጧት።

«የረገምኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። «ተቆጥቼ ነው፤ ቁጣውም የኔ ነው። እግዚአብሔር የኔ አሽከር አይደለም፤ እኔ በላክሁት ቦታ አይሄድም። ልጅሽን የገደለው የኔ ቃል ነው ብለሽ ከሆነ፣ እኔን ከልክ በላይ አክብረሻል፤ እሱን ደግሞ ከልክ በታች አውርደሻል። አስተምር የነበረው ይህን ነበር። ለአንቺ ነው ያልነገርኩሽ። ይቅር በይኝ።»

አስካለ እጇን ከሳሙናው አላወጣችም። «ታዲያ ማን ወሰደው?» አለች።

ሼህ ዩሱፍ በሩ ላይ ቆመው ነበር። እሳቸው ሁሉ አስቀድሞ ተጽፏል የሚሉ ሰው ናቸው፤ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተናገሩም፤ አባቴን ነበር የሚያዩት። አባቴም ለዚህ ጥያቄ በትርጓሜ ቤት መልስ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ለሐዘንተኛ ሁሉ ሲሰጡት ሰምቻለሁ።

«አላውቅም» አሉ። «አላውቅም፣ ልጄ።»

አባቴ ይህችን ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። አስካለም ሰምታ አታውቅም መሰለኝ፤ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ከአራት ወር ወዲህ ያላለቀሰችውን ነው ያለቀሰችው። እማማ ሐሊማ ከማጀት ወጥተው መጡና ከሌላው ጎኗ ተቀመጡ፤ በኦሮምኛ እያባበሉ እሳቸውም አለቀሱ። ልጁ የሳቸውም የልጅ ልጅ ነበር። እኛ በመጣን በሦስተኛው ቀን ነው ይህንን ያስተዋልኩት።

ማታ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደገና ተቀመጡ። ሼህ ዩሱፍ በግልጽ፣ እኔ ግን ተጽፏል እላለሁ፤ እንዲህ ካላልኩ በሐዘን እሞታለሁ አሉ። አባቴ እኔ ይህን አልልም፤ ለሕፃን ሞት የሚጽፍ አምላክ አላውቅም፤ ከሚያለቅሱት ጋር አብሮ የሚያዝን ነው የማውቀው አሉ። ሼሁ፣ የሚያዝን ከሆነማ ይለወጣል፤ ትናንት አይለወጥም ብለኸኛል አሉ። አባቴ ትንሽ አሰቡና «በሥጋው» አሉ። ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልተቀበሉም፤ አልተከራከሩምም። ይህን ለአስካለ ስነግራት «የሼህ አምላክ ሁሉን ያውቃል፣ ያባዬ ያዝናል። እኔ የምፈልገው ልጄን የሚያውቀውን ነው» አለችኝ።

እሑድ አባቴ «ከዚራ» በሚባለው ሰፈር ካለው ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰው ተመለሱ። ምሳ ሲቀርብ ለሳቸው እንደ ልማዱ ምስር መጣ። አባቴ እንጀራውን ሳይቆርሱ እጃቸውን ሰበሰቡ። ጾም አይደለሁም፤ በዚህ ወር ጾም የለም፤ ሐሙስ ዋሽቻችኋለሁ አሉ። እማማ ሐሊማ በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሼህ ዩሱፍ «ጎረቤታችን ክርስቲያን ናት፤ ኀምሳውን ስትበላ እናያለን። አውቀናል» አሉ።

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«እንግዳ ጾም ነኝ ካለ፣ ጾም ነው።»

አባቴ ያረዳችሁትን ግን አልበላም አሉ። ሼሁም እኔም ያንተን አልበላም አሉ። እማማ ሐሊማ ተነሥተው እንቁላል በቅቤ ጠብሰው፣ ወተትም ጨምረው አመጡ። አባቴ ወተቱ የግመል እንዳይሆን ቀስ ብለው ጠየቁኝ፤ የላም ነበር። ከአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠን፣ እኛ ከእንቁላሉ በኩል እነሱ ከሥጋው በኩል፣ በላን። አስካለ ከመካከል ነበረች፤ አባቷን አጎረሰቻቸው።

ሰኞ በጧት ጣቢያው ድረስ ሸኙን። ሼህ ዩሱፍ ተምርና ለአዲስ ጥምጥም የሚሆን ነጭ ጨርቅ ሰጡን። ከመሳፈራችን በፊት ፈታሾች ዕቃችንን ፈትተው ጨርቁን ለኩና አባቴን ነጋዴ ነህ ወይ አሏቸው። አባቴ ጨርቁን ከእጃቸው ተቀብለው፣ የታጠበውን አሮጌ ጥምጥም ፈትተው፣ ሁሉ ሰው እያየ አዲሱን ጠመጠሙ። ፈታሹ ሳቀና አለፈን። አስካለ ባቡሩ እስኪንቀሳቀስ ድረስ የአባቷን እጅ በመስኮቱ ይዛ ነበር። የተናገሩትን አልሰማሁም።

ማክሰኞ ማታ ቤታችን ገባን። ብርዱ ደስ አለኝ። አባቴን የደብሩ ሰዎች፣ ልጅዎን ወደ ሃይማኖቷ መለሷት ወይ ብለው ጠየቋቸው። አልመለስኳትም፣ ይቅርታዬን አድርሼ ነው የመጣሁት አሉ። አንዳንዱ ቅር ተሰኘ።

ሐምሌ ላይ ደብዳቤ መጣ፤ በራሷ እጅ የተጻፈ። አባቴ አንብቢልኝ አሉኝና አነበብኩላቸው። መስገድ ጀምሬአለሁ ትላለች። ሼህም ደስ ብሏቸዋል። ግን ስሰግድ ማንም የሚመልስልኝ የለም፤ ዝም ነው። እርስዎ ይህን ያህል ዘመን ሲጸልዩ ድምፅ ይሰማዎታል ወይ፤ እውነቱን ይንገሩኝ ትላለች።

አባቴ ወረቀት አምጪ አሉኝ። ሰላምታውን ካጻፉኝ በኋላ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«እኔ ስድሳ ዓመት ቆሜአለሁ። አንድም ቀን አልሰማሁም። አንቺ ግን አታቋርጪ።»

ብዕሬን አቁሜ አየኋቸው። የደብሩ መሪጌታ ናቸው፤ ደብዳቤው ደግሞ በሼህ ቤት ይነበባል።

«ጻፊው» አሉኝ። ጻፍኩት።